ጠረጴዛ ላይ የሚተው መጽሐፍ

እሑድ ጠዋት ሺሊ አራት ገጽ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠችና "አመለወርቅ፣ ይሄን ተመልከችውና እንነጋገር" አለችኝ። ሺሊ እዚህ እስራኤል የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት። "እንነጋገር" ስትል ነገሩ አልቋል ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያት ሠርቼ ይህን ካላወቅሁ ምን አውቄያለሁ?

ወረቀቱ የሚወገዱ መጻሕፍት ዝርዝር ነበር። በየጊዜው ኮምፒውተሩ በየመደርደሪያው ተራ ያወጣዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልተዋሰውን፣ እዚሁ ተነቦም ያልተመዘገበውን መጽሐፍ ሁሉ ለቅሞ ይደረድራል። ከዚያ እኛ ከመደርደሪያ እናወርዳለን፣ "ተወግዷል" የሚል ማኅተም እንመታበታለን፣ በካርቶን እናሽጋለን። ስንት የሩሲያኛ ልብ ወለድ፣ ስንት ጊዜው ያለፈበት የመንጃ ፈቃድ መማሪያ በዚህ እጄ አሽጌያለሁ፤ አንድም ቀን እንቅልፍ አልነሳኝም። ቦታው ጠባብ ነው፤ አዲሱ ይገባል፣ አሮጌው ይወጣል።

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ፤ አማርኛ። ሁለተኛውን ገለጥኩ፤ አማርኛ። እስከ መጨረሻው ድረስ አማርኛ ነው፤ የእኛ መደርደሪያ ተራ ሲደርሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። መቶ ስድሳ መጻሕፍት። በቤቱ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ በሙሉ ደግሞ መቶ ስድሳ ነው።

"መደርደሪያውን በሙሉ?" አልኳት።

"እኔ አይደለሁም፣ ኮምፒውተሩ ነው። ሦስት ዓመት አንድ ሰው አልነካቸውም ይላል።"

አልነካቸውም! ደሜ ፈላ። ታዲያ በየጠዋቱ በመስኮቱ ሥር ያለውን ረጅም ጠረጴዛ ሞልተው የሚቀመጡት እነማን ናቸው? እማማ ውቢት መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚመጡት ለማሞቂያው ነው? አባ አለነስ? ከቂርያት ዔቅሮን ድረስ በአውቶቡስ የሚመጡት፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ወፍራም ልብ ወለድ ካለፈው ዓመት ጀምረው በቀን አንድ ገጽ፣ አንዲት ገጽ ብቻ፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ የሚያነቡት? ወንድማማቾች በመሬት የሚካሰሱበት ታሪክ ነው። ማን እንደሚረታ አስቀድሜ እንዳልነግራቸው አስምለውኛል። ያቆሙበት ገጽ ላይ የሐኪም ቤቱን፣ የቁፓት ሆሊምን፣ የቀጠሮ ወረቀት ይሰካሉ፤ እኔም ወረቀቱ ወደ ፊት ሲገፋ በየቀኑ አያለሁ።

ይህን ሁሉ ለሺሊ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው መጽሐፍ በካርዱ ሲዋስ ይመዘገባል። እዚሁ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ደግሞ ሲጨርስ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሄዳል፤ እኛ እንሰበስብና የባርኮድ ማንበቢያዋን እናስነካዋለን፣ ቲት ትላለች፣ "ተነቧል" ተብሎ ይያዛል። ከዚያ እኛው ወደ ቦታው እንመልሰዋለን። የእኛ ሽማግሌዎች ግን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ትተው አይሄዱም። እያንዳንዳቸው ተነስተው፣ አቧራውን በእጃቸው ጠርገው፣ ካነሱበት ቦታ ይመልሱታል። ማን አስተማራቸው? እኔ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ጋዜጣ እያገላበጠች "የእናንተ ሰዎች ሲነሱ ጠረጴዛው ገበያ የተበተነበት ይመስላል" አለችኝ። ሦስት መጽሐፍ ነበር ጠረጴዛው ላይ፣ ሦስት! ጋዜጣውን እሷ ራሷ በአምስት ቦታ በትናዋለች። ግን ፊቴ ነደደ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ "ማንም አፉን እንዳይከፍትብን" አልኩ። የአማርኛዎቹ ጀርባ ላይ ቢጫ ምልክት ለጠፍኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ ያነሱትን ወደ ቁጥሩ መመለስ አስተማርኩ። በሳምንት ውስጥ ከእኔ በላይ ሠለጠኑ። የሌላው ጠረጴዛ ተዝረክርኮ የእኛ ሲጸዳ እያየሁ አሥራ ሁለት ዓመት ኮራሁ። ማሽኑ የሚቆጥረው የተዝረከረከውን መሆኑን እያወቅሁ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። መዋስ ደግሞ አይሆንላቸውም፤ የሕዝብ ዕቃ ቤት ወስዶ ማሳደር አደራ ነው፣ አደራ ደግሞ ያስፈራል።

ለሺሊ አስረዳኋት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አዳመጠችኝ።

"እኔ አምንሻለሁ" አለች። "በላይ ያሉት ግን የሚያዩት ቁጥር ነው። ዝርዝሩ ሐሙስ እኩለ ቀን ይዘጋል። እስከዚያ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ወይም በአንባቢ ካርድ የወጣ መጽሐፍ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። የሠራተኛ ካርድ አይቆጠርም። ቤሰደር?"

እሽ፣ ቤሰደር አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ተሰብስበው ሳሉ ጠረጴዛው ራስ ላይ ቆምኩ። "ዛሬ ስትነሱ መጽሐፉን እዚሁ ተዉት። እንዳትመልሱት። እኔ እመልሰዋለሁ።"

ተያዩ። እማማ ውቢት መነጽራቸውን አወለቁ። "ምነዋ? በልቶ ሳህኑን ጥሎ እንደሚሄድ ባለጌ?"

"አዎ እማማ፣ እንደ ባለጌ። ካልተዋችሁት መጽሐፎቹን ይወስዷቸዋል።"

"ማን ነው የሚወስደው?"

"ኮምፒውተሩ!" አልኩ። አሁን ሳስበው እኔም ብሆን አይገባኝም ነበር። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "እሽ፣ ያላ፣ ቤሰደር" አሉ፣ ልቤ ትንሽ አረፈ።

መሄጃቸው ሲደርስ አንድ በአንድ ተነሱ፤ አንድ በአንድም መጽሐፋቸውን መለሱ። እጃቸው እምቢ አላቸው። እማማ ውቢት ትተውት እስከ በሩ ደርሰው ነበር፤ ከበሩ ተመልሰው አነሱት፣ "አላስቻለኝም" ብለው ቦታው ከተቱት። እኔ ከወዲያ ወዲህ እየተሯሯጥኩ ከእጃቸው ልቀማ ምንም አልቀረኝም። በዚህ መሀል አባ አለነ ሰማያዊውን መጽሐፍ ዘግተው፣ የቀጠሮ ወረቀታቸውን አስተካክለው፣ ወደ መደርደሪያው ሲያዘግሙ አየሁ።

"አባ አለነ!" ብዬ ጮህኩ። "ስንት ጊዜ ልናገር? ሕፃን ነዎት እንዴ?"

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። የኮምፒውተሩ ጥግ ያሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ። አባ አለነ መጽሐፉን ይዘው ባሉበት ቀሩ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ አባቴ ይሆናሉ። "ይቅርታ ልጀ" አሉኝ። መጽሐፉን የሚያደርጉበት ጠፋቸውና ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ወጡ። እኔም አልተከተልኳቸውም። ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከዚያ የሠራሁትን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ሳልናገር ብቀር ቀሪው አይገባም። በምሳ ሰዓት ሺሊ ወጣ ስትል ከመደርደሪያው አርባ መጽሐፍ በጋሪ ጫንኩ፤ ከላይ የአባ አለነን ሰማያዊ አደረግሁ። ማንበቢያዋን አንስቼ ቲት፣ ቲት፣ ቲት። ሐሰት አይደለም እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ተነበዋል እኮ፣ ሁሉም ተነበዋል፣ የዘገየ ምዝገባ ነው እንጂ።

ማክሰኞ ጠዋት ሺሊ ወደ ስክሪኗ ጠራችኝ።

"አርባ ሰው በሦስት ደቂቃ?" አለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ላለቆቼ ልሰጣቸው የነበረው ያንቺን ቃል ነበር፣ አመለወርቅ። ሰዎቹ ያነባሉ፣ እኔ ሠራተኛዬን አምናለሁ ልላቸው ነበር። አሁን ምን ብዬ ልሂድ?" አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። "አርባዎቹን ሰርዣለሁ። እነሱ ከእንግዲህ የሚድኑት ሰው በገዛ ካርዱ ሲያወጣቸው ብቻ ነው። ሌሎቹን ደግሞ ከጠረጴዛው ላይ እኔው ራሴ እሰበስባለሁ።"

ጋሪው ላይ ከሁሉ በላይ የነበረው ሰማያዊው መጽሐፍ ዓይኔ ላይ መጣ። ሳልነካው ትቼው ቢሆን አባ አለነ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ቢተዉት ይድን ነበር። አሁን ካርድ ያስፈልገዋል። በገዛ እጄ!

ማክሰኞ እማማ ውቢት ተሳካላቸው። መጽሐፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡ፣ የሰረቁ ይመስል ዞር ብለው ሳያዩ ሮጠው ወጡ። ሺሊ አንስታ ቲት አደረገች። ከዚያ ሌሎቹም ደፈሩ። እማማ ውቢት በዚህ አላበቁም፤ አንዱን አስቀምጠው ሌላ ያነሳሉ፣ ሁለት ገጽ አንብበው እሱንም ይተዋሉ፣ "ልባለግ ካልቀረ በደንብ ልባለግ" ይላሉ። ሁለት ሴቶች ካርድ አወጡና ከአርባዎቹ መሀል ስድስት ወሰዱ። ሰማያዊውን እንዲወስዱልኝ ለመንኳቸው። "የአባ አለነ እኮ ነው፣ መጥተው ቢያጡትስ?" አሉኝ፣ ሳይወስዱት ቀሩ።

አባ አለነ ግን አልመጡም፤ ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ወንበራቸው ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ረቡዕ ከሥራ ወጥቼ ወደ ቂርያት ዔቅሮን አውቶቡስ ያዝኩ። በእጄ የካርድ ማውጫ ፎርም ይዣለሁ፤ የሚቀረው ፊርማቸው ብቻ ነው። አውቶቡሱ በየማቆሚያው በቆመ ቁጥር ሰዓቴን አያለሁ፤ ሐሙስ እኩለ ቀን ሊደርስ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ቀርቶታል።

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

"አባ፣ አጥፍቻለሁ። በሰው ፊት ጮህኩብዎት" አልኩ።

"ተይው፣ ተይው። ግቢ።"

"ተቀይመው ነው የቀሩት?"

"አልተቀየምሁም" አሉ። ወንበር እየሳቡልኝ ግን "አፈርሁ እንጅ" አሉ። ይህ ከቂም ይከፋል።

ሁሉን ነገርኳቸው፤ ዝርዝሩን፣ ማሽኑን፣ ያጭበረበርኩትን ሳይቀር። ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። "እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ። ነገ ጠዋት መጥተው ሰማያዊውን በስምዎ ያውጡት። ሦስት ሳምንት ቤትዎ ይቆያል፣ ከዚያ ይመልሱታል፣ በቃ።"

ፎርሙን አላዩትም። "የሰው መጽሐፍ ቤቴ አላሳድርም።"

"የሕዝብ ነው እኮ አባ። ቢቀደድ እንኳ ማንም አይቆጣዎትም።"

"የሚቆጣ ሰው አይደለም የሚያስፈራኝ" አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "ከአገር ስንወጣ፣ በሱዳኑ መንገድ፣ አጎቴ የጸሎት መጽሐፉን ሰጠኝ። ብራና ነው፣ የአባቱ። አንተ ጎልማሳ ነህ፣ ትሸከምልኛለህ አለኝ። ሽፍታ መጣ ሲባል ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበርሁት። ተመልሸ ላወጣው ነበር። አልተመለስሁም። አጎቴም ከዓመት በኋላ እዚህ ደረሰ። አቀፈኝ፣ ሳመኝ። መጽሐፌስ አላለኝም። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ኖርን፣ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ሳይጠይቀኝ ሞተ።"

ፎርሙን አጠፍኩት።

"እንግዲያ ነገ ይምጡና ከሺሊ ጋር ይነጋገሩ" አልኩ። "ዓይንዎን ስታይ፣ ሲያነቡ ስታይ ልቧ ይራራ ይሆናል። ከእኩለ ቀን በፊት።"

"ነገ የዓይን ቶር አለኝ። መርፌ ነው። አምስት ወር ጠብቄ ያገኘሁት ቀጠሮ።" ፈገግ አሉ። "ዓይኔ ከጠፋ መጽሐፉ ቢተርፍ ምን ይሠራልኛል? እሑድ እመጣለሁ። እሑድ፣ እንዳልሽው፣ ጠረጴዛው ላይ እተወዋለሁ። ቃሌ ነው።"

እሑድ ዋጋ የለውም ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሁሉን ነግሬያቸው ይህቺን አንዲቷን መናገር አቃተኝ። ፈሪ ነኝ፣ ያን ዕለት አወቅሁት። "እሽ አባ፣ ቤሰደር" ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሺሊን ለመንኳት፤ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ብቻ። ዓይኗን ከስክሪኗ አላነሳችም፤ "ለአንዱ ካደረግሁ ለሌላው ምን እላለሁ? ያውም አንቺ ያን ካደረግሽ በኋላ" አለች። ልክ ናት፤ ልክ መሆኗ ነው ያቃጠለኝ። እኩለ ቀን ሆነ። አርባ ሰባት መጻሕፍት ተረፉ። መቶ አሥራ ሦስቱን ከሰዓት በኋላ እኔው አወረድኩ፣ ማኅተም እየመታሁ በካርቶን መደርደር ጀመርኩ። ሰማያዊው ላይ ስደርስ የቀጠሮ ወረቀቱ ሁለት መቶ ሰባኛው ገጽ ላይ አለ። ማኅተሙን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ሺሊ ስልክ ላይ ሳለች መጽሐፉን ሹራቤ ሥር ከትቼ ወደ ቦርሳዬ አስገባሁት።

ሰው ይህን ሲሰማ "ለምን በስጦታ አትሰጫቸውም ነበር?" ይላል። ምን ብዬ? "እንኩ አባ፣ ማንም አያነበውም ተብሎ ተጥሎ ነው"? በቀን አንድ ገጽ ለሚያነቡት ሰው?

የቅዳሜን ሰንበት እንዴት እንዳሳለፍኩ አላውቅም። መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬ በር ላይ ነው፣ እኔ ያን በር እያየሁ ነው። እሑድ ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ሰማያዊውን ከተረፉት መሀል፣ በድሮው ቁጥሩ ላይ ሰካሁት። ቢጫ ምልክቱ እንደ ሌሎቹ ነው፤ ሩቅ ላለ ሰው አይለይም። ሺሊ ቆጠራ ካላደረገች፣ ማንም ካልተዋሰው፣ ይቆያል። ይህን እያሰብኩ ሺሊ በመደርደሪያው አጠገብ ባለፈች ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

አባ አለነ በሰዓታቸው መጡ። ግራ ዓይናቸው ደም መስሏል፣ እንባ ያወርዳል። መደርደሪያው መሳሳቱን አዩ፤ በእጃቸው ባዶውን ዳሰሱት። ሰማያዊውን ሲያገኙት ግን ፊታቸው በራ። ተቀመጡ። በአንድ ዓይን፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንዷን ገጽ ለማንበብ ሙሉ ጠዋት ፈጀባቸው።

ሲጨርሱ የቀጠሮ ወረቀቱን ሰኩ። ተነሱ። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መደርደሪያው አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ቆሙ። ተመለሱ። ጠረጴዛው ላይ፣ መሀሉ ላይ፣ አስቀመጡት። እጃቸውን ለማንሳት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ አልሄዱም፣ ይጠብቃሉ።

ማንበቢያዋን ይዤ ሄድኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ባርኮዱን አስነካሁት። ቲት አላለችም። ወፍራም፣ የታፈነ ድምፅ አወጣች፤ በትንሿ መስኮቷም ላይ ቀይ ጽሕፈት መጣ፦ በመዝገብ ውስጥ የለም። ሺሊ ከጠረጴዛዋ ራሷን አነሳች። ያን ድምፅ ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። መጽሐፉን አየች፣ አባ አለነን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ራሷን ወደ ወረቀቷ መለሰች።

"ቆጠረኝ?" አሉ አባ አለነ።

ማንበቢያዋን ከጀርባዬ ደበቅኋት።

"ቆጥሮዎታል አባ" አልኩ።

ረጅም እስትንፋስ አወጡ። ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ደህናዋን ዓይናቸውን ሰማያዊው ላይ ጣሉ።

"እንግዲያ ነገም እተወዋለሁ" አሉ። "ገና መቶ አርባ አንድ ገጽ ይቀረኛል።"